አረንጓዴዋን ከመጫናችሁ በፊት፦ በኢንቴሊጄ አይዲያ የራን ኮንፊገሬሽን አሞላል ደረጃ በደረጃ

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ ይሠራ ነበር። ዛሬ እምቢ አለ። ምንም አልነካሁም እኮ!»

ይህን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማ መቁጠር ትቻለሁ። አንዱ ከወልዲያ ይደውላል። ሌላዋ ከኮምቦልቻ። ሦስተኛው እዚሁ ደሴ ፒያሳ ላፕቶፑን አቅፎ ይመጣል። ኮዱን አየዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ፕሮግራሙን ከምታስነሳዋ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ጎን የተጻፈው ስም ላይ ነው። ያ ስም ኮንፊገሬሽን ይባላል። የትኛው ክላስ እንደሚነሳ፣ በየትኛው ጃቫ፣ በየትኛው ፎልደር ቆሞ፣ ምን ይዞ እንደሚነሳ የሚወስነው እሱ ነው። ኢንቴሊጄ፣ ማለትም የጃቫ ኮድ የምንጽፍበት ፕሮግራም፣ በግምት ሲሞላው ግምቱ አንዳንዴ ይሳሳታል። ስለዚህ በእጃችን እንሞላዋለን።

የእንግሊዝኛ ትእዛዞችን በስልክ እንደማስጽፈው በድምፃቸው ጽፌያለሁ። «ሰረዝ» ስል አጭሯን ሰረዝ፣ «ነጥብ» ስል ነጥብ፣ «እኩል» ስል የእኩል ምልክት ነው። ኪቦርዳችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፉታላችሁ። የምጠራቸው አቋራጭ ቁልፎች የዊንዶውስ ናቸው።

ምሳሌያችን «ባቲ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ናት። ዘፈኑን አይደለም፣ የሰኞውን ገበያ ነው። «ዳታ» የሚል ፎልደር ውስጥ ያለ የጽሑፍ ፋይል ታነባለች። ፋይሉ ውስጥ የግመል፣ የፍየልና የበግ ዋጋ በየመስመሩ አለ። የእንስሳውን ዓይነት ስትነግሯት አማካይ ዋጋውን ታወጣለች። በቃ።

## ዝግጅት፦ እዚህ ከተዘለለ ቀሪው ሁሉ ይበላሻል

1. ፕሮጀክቱን ከፍላሽ ላይ አውርዱ። ፍላሽ ላይ ሆኖ መሥራት ቀርፋፋ ብቻ ሳይሆን አደገኛ ነው። ዛሬ ኢ የነበረው ፍላሽ ነገ ሌላ ማሽን ላይ ኤፍ ይሆናል። ከፕሮጀክቱ ውጭ ያለ ፋይል ላይ ያመለከታችሁት አድራሻ ሁሉ ያኔ ይሰበራል።

2. ፎልደሩን ሲ ላይ አጭር ስም ስጡት። ለምሳሌ ሲ ውስጥ «ፕሮጀክትስ»፣ በውስጡ «ባቲ»። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን፤ ክፍት ቦታ አይኑረው። በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ያሳብዳል። ፊደላችንን ጠልቼ አይደለም።

3. ትክክለኛውን ፎልደር ክፈቱ። ከምትገምቱት በላይ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ይሄ ነው። ዚፕ ስትፈቱ «ባቲ» ውስጥ ሌላ «ባቲ» ይወጣል። የውጭውን ከከፈታችሁ ኢንቴሊጄ ኮዱ የት እንደሆነ አያውቅም። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የጃቫ ፋይሉን ስትከፍቱ ከሜን ሜተድ ጎን አረንጓዴዋ ሦስት ማዕዘን የለችም። መፍትሔው ፕሮጀክቱን ዘግቶ፣ ፖም ነጥብ ኤክስኤምኤል የሚባለው ፋይል (ላይብረሪ የሚያመጣልንና ኮዱን የሚገነባው የማቨን መመሪያ ነው) ያለበትን የውስጠኛውን ፎልደር መክፈት ነው።

4. ጃቫውን ምረጡ። ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ሺፍት እና ኤስ በአንድ ላይ ጫኑ። ፕሮጀክት ስትራክቸር ይከፈታል። «ፕሮጀክት» የሚለው ውስጥ ኤስዲኬ የሚል ሳጥን አለ። 17 ወይም 21 ምረጡ። ባዶ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ «ዳውንሎድ ጄዲኬ» ነው (ጄዲኬ የጃቫ መሥሪያው ጥቅል ነው)፤ ይሄ የሞባይል ዳታችሁን ይበላል። ሌላው ጄዲኬውን በፍላሽ ከጓደኛ አምጥቶ ማሽኑ ላይ ከገለበጡ በኋላ «አድ ጄዲኬ ፍሮም ዲስክ» ማለት ነው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመክረው።

5. ከታች በቀኝ ያለው ባር እስኪያልቅ ጠብቁ። «ኢንዴክሲንግ» እያለ ምንም አትንኩ። 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ቡና አስፈሉ፤ አቦሉ ሳይደርስ አያልቅም።

6. ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። በአማርኛ ኪቦርድ የተጻፈ ነጠላ ሰረዝ ወይም ሁለት ነጥብ ጃቫ ዘንድ ምንም ትርጉም የለውም።

## ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ቢልድ ብቻ

ኮንትሮል እና ኤፍ9 ጫኑ። ይሄ ኮዱን ይገነባል እንጂ አያስነሳም። ሁለቱን መለየት ግማሽ ሥራ ነው። ቢልድ ካልተሳካ ኮንፊገሬሽን ውስጥ ገብታችሁ ብትለፉ ከንቱ ነው።

ቢልድ ላይ ከሚመጡ ስህተቶች ብዙ ሰው የሚያስደውሉት እነዚህ ናቸው።

«ሪሊዝ ቨርዥን 5 ኖት ሰፖርትድ» ካለ፣ ፖም ፋይሉ ውስጥ የጃቫ ቁጥር አልተጻፈም ማለት ነው። ፕሮፐርቲስ በሚለው ክፍል ውስጥ «ማቨን ነጥብ ኮምፓይለር ነጥብ ሪሊዝ» ብላችሁ 17 ጻፉ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኦ ጫኑ፤ ማቨን ፋይሉን እንደገና ያነባል። ብዙዎች ቁጥሩን ፕሮጀክት ስትራክቸር ውስጥ ይቀይሩና ይሠራላቸዋል። ማቨን በታደሰ ቁጥር ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። «ምንም አልነካሁም» የሚሉት እነዚህ ናቸው። እውነታቸውን ነው፣ ማቨን ነው የነካው።

«ኢንቫሊድ ሶርስ ሪሊዝ 21» ካለ፣ ፖሙ 21 ይፈልጋል፣ የመረጣችሁት ጃቫ ግን ከዚያ ያንሳል። አንዱን ከሌላው ጋር አስታርቁ።

«ፓኬጅ ደዝ ኖት ኤግዚስት» ካለ ደግሞ የጎደለ ላይብረሪ አለ። ደረጃ 8ን ተመልከቱ።

## ደረጃ 2፦ ኮንፊገሬሽኑን ፍጠሩ

1. ከላይ «ራን» ከሚለው ሜኑ «ኢዲት ኮንፊገሬሽንስ» ክፈቱ።
2. በግራ ከላይ ያለውን የመደመር ምልክት ጫኑ።
3. ከዝርዝሩ «አፕሊኬሽን» ምረጡ።
4. «ኔም» ላይ ስም ስጡ። «ሜን» ወይም «አንኔምድ» አትበሉ። «ባቲ ፍየል» በሉት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የምታነቡት እናንተው ናችሁ።
5. የጃቫውን ሳጥን እዩ። ፕሮጀክቱ ላይ የመረጣችሁት ቁጥር መሆን አለበት።
6. ሞጁሉን (የፕሮጀክቱን የኮድ ክፍል) ምረጡ። ከጃቫው ሳጥን ጎን ሰረዝ ሲፒ ብሎ የሚጀምረው ነው።
7. ሜን ክላሱን በእጅ አትጻፉ። ከሳጥኑ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ጫኑና ከዝርዝሩ ምረጡ። በእጅ የጻፈ ሰው ፓኬጁን ይረሳል።
8. «አፕላይ» በሉ። ገና አትዝጉት።

ሞጁሉ ባዶ ከሆነ ወይም ዝርዝሩ ሜን ክላስ ካላሳየ ወደ ዝግጅት ቁጥር 3 ተመለሱ። የተሳሳተ ፎልደር ከፍታችኋል። ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

## ደረጃ 3፦ ወርኪንግ ዳይሬክተሪ፣ ፕሮግራሙ የቆመበት ቦታ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

ኮዳችሁ «ዳታ ውስጥ ያለውን ዋጋ የሚል ፋይል ክፈት» ሲል፣ ጃቫ ፋይሉን የሚፈልገው ኮዱ ካለበት ቦታ ጀምሮ አይደለም። ፕሮግራሙ ከቆመበት ፎልደር ነው። ኮምቦልቻ ቆሞ «ቀጥሎ ያለው ሱቅ» ያለ ሰው ደሴ ያለውን ሱቅ አያገኝም። ፋይሉ እያለ «ፋይል ኖት ፋውንድ ኤክሴፕሽን» የሚመጣው ለዚህ ነው።

የቆማችሁበትን ለማየት ሜን ሜተድ ውስጥ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይህን አሳትሙ፦ ሲስተም ነጥብ ጌት ፕሮፐርቲ፣ በቅንፍና በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ዩዘር ነጥብ ዲር። ራን ስታደርጉ ሙሉ አድራሻ ይወጣል። የወጣውን አድራሻ በፋይል ኤክስፕሎረር ክፈቱት። «ዳታ» የሚባለው ፎልደር እዚያ ይታያችኋል? ካልታያችሁ ችግሩ ተገኘ።

አስተካክሉት፦

1. ኢዲት ኮንፊገሬሽንስ ውስጥ «ወርኪንግ ዳይሬክተሪ» የሚለውን ሳጥን ፈልጉ።
2. የፎልደር ምልክቷን ጫኑ።
3. «ዳታ»ን ሳይሆን «ዳታ» ያለበትን ፎልደር ምረጡ። ሰው «ዳታ»ን ራሱን ይመርጥና ፕሮግራሙ «ዳታ» ውስጥ ሌላ «ዳታ» ሲፈልግ ይውላል።
4. «ኦኬ»።

ብዙ ሞጁል ያለው ፕሮጀክት ላይ ተጠንቀቁ። ኢንቴሊጄ በራሱ የሚሞላው የዋናውን ፕሮጀክት ፎልደር ነው፤ የእናንተ ፋይል ግን ሞጁሉ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ቴስት ስታስነሱ ደግሞ የሚነሳው ከሞጁሉ ፎልደር ነው። ቴስቱ አልፎ ፕሮግራሙ የሚወድቀው፣ ወይም በተቃራኒው የሚሆነው፣ በዚህ ነው።

የዳታ ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ አታስቀምጡ። ፕሮጀክቱ ውስጥ ከሆነ ኢንቴሊጄ አድራሻውን የሚያስቀምጠው «ከፕሮጀክቱ ፎልደር ጀምሮ» ብሎ ነው፤ ሌላ ማሽን ላይም ይሠራል። ዴስክቶፕ ላይ ከሆነ አድራሻው ከእናንተ ማሽን ጋር ይታሰራል።

## ደረጃ 4፦ አርጉመንት፣ እና የግዕዝ ፊደል ጣጣ

«ፕሮግራም አርጉመንትስ» የሚለው ሳጥን ላይ ለፕሮግራሙ የምትነግሩትን ጻፉ። ቃላቱን የሚለያቸው ክፍት ቦታ ነው። ሁለት ቃል እንደ አንድ እንዲቆጠር ከፈለጋችሁ በትምህርተ ጥቅስ ክበቡት።

እኔ ራሴ እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ። «ፍየል» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ «አልተገኘም» አለኝ። ፋይሉን አየሁ፣ ፍየል አለ። ፊደሉን አየሁ፣ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ የተቀበለውን ቃል እንዲያሳትም አደረግኩት። ሦስት የጥያቄ ምልክት። ሦስት ፊደል፣ ሦስት ጥያቄ ምልክት! ዊንዶውስ ላይ የጃቫ ማስነሻ አርጉመንቱን የሚቀበለው በቆየው የሲስተሙ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ግዕዝ የለም።

ስለዚህ አርጉመንት ላይ ግዕዝ አትጻፉ። የእንስሳውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ወይም በቁጥር ላኩ። አማርኛው ፋይል ውስጥ ይሁን፤ ፋይሉን ግዕዝን በሚያውቀው የፊደል ሰንጠረዥ፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንብቡት። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህ ችግር አይመለከታችሁም። ሳቁብን።

## ደረጃ 5፦ ቪኤም ኦፕሽንስ

ይህ ሳጥን መጀመሪያ ላይ አይታይም። በቀኝ በኩል «ሞዲፋይ ኦፕሽንስ» የሚለውን ጫኑና «አድ ቪኤም ኦፕሽንስ» ምረጡ። ከአርጉመንት ጋር አታምታቱት። አርጉመንት ለፕሮግራማችሁ የሚነገር ነው፤ ቪኤም ኦፕሽን ለጃቫ ራሱ።

አማርኛ ሲወጣ ጥያቄ ምልክት ከሆነ። መጀመሪያ የምታዩትን ለዩ። ጥያቄ ምልክት ከሆነ የኢንኮዲንግ (የፊደል ሰንጠረዥ) ችግር ነው። ባዶ ካሬ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ፎንቱ ግዕዝ የለውም፤ ሴቲንግስ ውስጥ የኮንሶሉን ፎንት ቀይሩ። ለኢንኮዲንጉ እነዚህን ሁለቱን ጻፉ፣ በመካከላቸው ክፍት ቦታ አድርጉ፦

- ሰረዝ፣ ትልቁ ዲ፣ ፋይል ነጥብ ኢንኮዲንግ እኩል ዩቲኤፍ ሰረዝ 8
- ሰረዝ፣ ትልቁ ዲ፣ ኤስቲዲአውት ነጥብ ኢንኮዲንግ እኩል ዩቲኤፍ ሰረዝ 8

ከጃቫ 18 ጀምሮ ፋይል የሚነበበው ሌላ ካልተባለ በዩቲኤፍ 8 ነው። ወደ ስክሪን የሚወጣው ጽሑፍ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ ሁለተኛዋ መስመር የምታስፈልገው ለእሱ ነው፣ የምትሠራውም ከጃቫ 19 ጀምሮ ነው።

ሜሞሪ። ጃቫ ምንም ካልተነገረው የማሽኑን ራም ሩብ ያህል እንደ ጣሪያ ይወስዳል። 4 ጊጋ ላይ ወደ 1 ጊጋ ማለት ነው። ኢንቴሊጄ ራሱ ከሚበላው ጋር፣ ክሮምም ከተከፈተ፣ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ለትንሽ ፕሮግራም ሰረዝ፣ ትልቁ ኤክስ፣ ኤምኤክስ፣ 512፣ ኤም ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉ። ጣሪያው 512 ሜጋባይት ሆነ። «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ካለ ቁጥሩን ከማሳደጋችሁ በፊት ማለቂያ የሌለው ሉፕ እንዳትሆን ኮዱን እዩ። «ሄልፕ» ሜኑ ውስጥ ያለው የሜሞሪ ማስተካከያ የኢንቴሊጄው እንጂ የፕሮግራማችሁ አይደለም። እሱን እየጨመሩ «ምንም ለውጥ የለም» የሚሉ አሉ።

የቴሌግራም ሰረዝ። አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ይህንኑ ኦፕሽን ከአንድ ግሩፕ ኮፒ አድርጋ ለጠፈችው። «ኩድ ኖት ፋይንድ ኦር ሎድ ሜን ክላስ» አለ። ሜን ክላሱን አሥር ጊዜ አስተካክላለች። የስህተቱን መስመር እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ አልኳት። መጨረሻው ላይ የተጻፈው የክላሷ ስም አልነበረም፤ ያቺው የሜሞሪ ኦፕሽን ነበረች። ኮፒ ሲደረግ አጭሯ ሰረዝ ወደ ረጅም ሰረዝ ተቀይራለች። ጃቫ ረጅሟን ሰረዝ አያውቃትም፤ የክላስ ስም መሰለችው። አጥፍታ በእጇ ጻፈችው፣ ተነሳ። የስህተት መልእክት እስከ ጫፉ አንብቡ፤ ኦፕሽን ደግሞ በእጅ ጻፉ።

## ደረጃ 6፦ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልስ

ዳታቤዝ የሚነካ ፕሮግራም ካልሆነ ዝለሉት። ከሆነ «ሞዲፋይ ኦፕሽንስ» ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስም፣ እኩል፣ ዋጋ ብላችሁ ጻፉ፤ ከአንድ በላይ ከሆነ በሴሚኮለን ለዩ። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አታስገቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ የጻፋችሁት የይለፍ ቃል ፋይል ውስጥ ሳይመሰጠር ይቀመጣል። በደረጃ 7 ለሌሎች የምታጋሩት ኮንፊገሬሽን ከሆነ እውነተኛ የይለፍ ቃል አትጻፉበት።

## ደረጃ 7፦ አስቀምጡት፣ የእውነት አስቀምጡት

ከኮዱ ጎን ያለችውን አረንጓዴ ስትጫኑ ኢንቴሊጄ ጊዜያዊ ኮንፊገሬሽን ይፈጥራል። ምልክቱ ደብዘዝ ያለ ነው። በነባሪው የሚይዘው 5 ጊዜያዊ ብቻ ነው። ስድስተኛው ሲመጣ የቆየው ይጠፋል፣ ከሞላችሁት አርጉመንት ጋር። ማንም አይነግራችሁም።

1. ከላይ ያለውን የስም ዝርዝር ክፈቱና ደብዛዛውን «ሴቭ» አድርጉ። በደረጃ 2 በመደመር የፈጠራችሁት ቋሚ ስለሆነ ይህ አያስፈልገውም።
2. ኢዲት ኮንፊገሬሽንስ ውስጥ በቀኝ ከላይ «ስቶር አዝ ፕሮጀክት ፋይል» የሚል አለ። ቼክ አድርጉት።
3. የት ይቀመጥ ሲላችሁ «ነጥብ ራን» የሚለውን ፎልደር ምረጡ።
4. «ኦኬ» ብላችሁ ውጡ። ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ነጥብ ራን የሚል አዲስ ፎልደር፣ በውስጡም በኮንፊገሬሽኑ ስም የተሰየመ ኤክስኤምኤል ፋይል መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

ሁለተኛውን ለምን አጥብቄ እንደምለው ልንገራችሁ። ክረምት ላይ ነው፣ ደሴ ዝናቡን እያወረደው፣ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ እየሠራሁ መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ፕሮጀክቱ ተከፈተ፣ ኮዱ አለ፣ የኮንፊገሬሽኑ ዝርዝር ግን ባዶ። ስድስት የነበሩት የሉም። ሁሉም የተቀመጡት ነጥብ አይዲያ ፎልደር ውስጥ ባለው ወርክስፔስ በሚባል አንድ ፋይል ነበር፤ ፋይሉ ሲጻፍ ነው መብራቱ የጠፋው። በዚያ ላይ ወርክስፔስ የግል ፋይል ስለሆነ ኮድ የምንጋራበት ጊት ላይ አይጫንም። ነጥብ ራን ውስጥ ያለው ግን ከኮዱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ሺፍት እና ኤፍ10 የሚያስነሳው የተከፈተላችሁን ፋይል ሳይሆን ከላይ ስሙ የተመረጠውን ነው። አንዱን ክላስ እያያችሁ የሌላው ውጤት ቢወጣ አትደንግጡ። ስሙን እዩ።

## ደረጃ 8፦ ያለ ኢንተርኔት ቢልድ ማድረግ

ማቨን ላይብረሪዎቹን የሚያከማቸው ዩዘር ፎልደራችሁ ውስጥ፣ ነጥብ ኤም2 በሚባለው ፎልደር፣ «ሪፖዚቶሪ» ውስጥ ነው። አንድ ሰው አንዴ ካወረደው ሌላው በፍላሽ ይወስዳል። የክፍል ጓደኞች ተማከሩ፤ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ላይብረሪ በየዳታችሁ የምታወርዱበት ምክንያት የለም።

1. ከጓደኛችሁ ማሽን «ሪፖዚቶሪ» ፎልደርን ገልብጡ። ትንንሽ ፋይል ይበዛዋል፤ ዚፕ አድርጋችሁ ውሰዱ፣ ካልሆነ ኮፒው አያልቅም።
2. እናንተ ማሽን ላይ እዚያው ቦታ ፍቱት።
3. «ላስት አፕዴትድ» በሚል የሚያልቁ ፋይሎችን እዚያ ፎልደር ውስጥ ፈልጉና አጥፉ። እነዚህ ማውረድ የከሸፈባቸው ላይብረሪዎች ምልክት ናቸው። እነሱ እያሉ ኔትወርክ ቢመለስም ማቨን «አንዴ ሞክሬ አልተገኘም» ብሎ ሊያኮርፍ ይችላል።
4. ኢንቴሊጄ ውስጥ በቀኝ ያለውን የማቨን መስኮት ክፈቱ። «ቶግል ኦፍላይን ሞድ» የሚለውን ምልክት ጫኑ።
5. እንደገና እንዲያነብ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኦ።

አዲስ ላይብረሪ ስትጨምሩ ኦፍላይኑን ማጥፋት አትርሱ። በግሬድል የምትሠሩ ከሆነ የግሬድል መስኮትም የራሱ ኦፍላይን ምልክት አለው።

## ስህተት ሲመጣ

ኮዱን ቀይሬ ውጤቱ ያው ነው። ኢዲት ኮንፊገሬሽንስ ውስጥ «ቢፎር ሎንች» የሚለውን እዩ። «ቢልድ» መኖር አለበት። ከሌለ ወይም «ኖ ኤረር ቼክ» የሚለው ከተተካ፣ የምታዩት የድሮውን ኮድ ውጤት ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ጭራሽ ካልታየ «ሞዲፋይ ኦፕሽንስ» ውስጥ አለ።

«አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን» 65 እና 61 እያለ። ከቁጥሩ 44 ቀንሱ። 65 ማለት ጃቫ 21፣ 61 ማለት ጃቫ 17። ትልቁ ኮዱ የተገነባበት፣ ትንሹ ልታስነሱበት የሞከራችሁት ነው። የኮንፊገሬሽኑን የጃቫ ሳጥን ከፕሮጀክቱ ጋር አንድ አድርጉ።

«አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ»። ፖርቱ (ፕሮግራሙ የኔትወርክ ጥሪ የሚቀበልበት ቁጥር) ተይዟል፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሳችሁ። ያልዘጋችሁት የቀድሞው ፕሮግራም እየሮጠ ነው። ኮንትሮል እና ኤፍ2 ብላችሁ አቁሙት። እንዳይደገም «ሞዲፋይ ኦፕሽንስ» ውስጥ «አሎው መልቲፕል ኢንስታንስስ» ምልክት እንዳይኖረው አድርጉ።

«ኮማንድ ላይን ኢዝ ቱ ሎንግ»። ዊንዶውስ ላይ ላይብረሪ ሲበዛ ይመጣል። «ሞዲፋይ ኦፕሽንስ»፣ «ሾርትን ኮማንድ ላይን»፣ ከዚያ «አርግ ፋይል» የሚለውን ምረጡ። አለቀ።

ሁሉም ልክ ሆኖ እምቢ ካለ። «ፋይል» ሜኑ ውስጥ «ኢንቫሊዴት ካሽስ» አለ። እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ኢንዴክስ ያደርጋል፣ ጊዜ ይወስዳል። የመጨረሻ መድኃኒት ነው፤ ሰው ግን እንደ ፓራሲታሞል መጀመሪያ ይውጠዋል።

## ኤክሊፕስ እና ኔትቢንስ ለምትጠቀሙ

ሳጥኖቹ ያው ናቸው፣ ቦታቸው ነው የሚለየው። ኤክሊፕስ ላይ «ራን» ሜኑ፣ «ራን ኮንፊገሬሽንስ»። አርጉመንት፣ ቪኤም ኦፕሽንና ወርኪንግ ዳይሬክተሪ ሦስቱም «አርጉመንትስ» ታብ ውስጥ ናቸው። ለማጋራት «ኮመን» ታብ ውስጥ «ሼርድ ፋይል» በሉ። ኔትቢንስ ላይ ፕሮጀክቱን ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ራን»።

## ማረጋገጫ

ፕሮጀክቱን ሙሉውን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ፣ በሌላ ፎልደር ስም፣ ሲ ላይ አውርዱት። ክፈቱ፣ ኢንዴክሱ ይለቅ፣ ጃቫውን ምረጡ፣ ከዝርዝሩ «ባቲ ፍየል» መኖሩን እዩ። ሌላ ምንም ሳትነኩ ሺፍት እና ኤፍ10። የፍየሉ አማካይ ዋጋ ከወጣ ጨርሳችኋል። ካልወጣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ደረጃ 3 ነው፤ ወደ እሱ ተመለሱ፣ ከዚያ ደውሉልኝ። ሰኞ ከሰዓት በፊት ግን ስልክ አላነሳም፤ ባቲ ነኝ።